አልጋ ወራሹ ስንት ግመል ነው?

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 6

ዛሬ ወደ ክፍል ተመለስኩ። ጭጋጉ ከባሕሩ በኩል ተራራውን ታክኮ ወጥቶ፣ መስታወት በሌለው መስኮት ገብቶ ከኋላ ወንበሮች ላይ ተቀምጧል። ከተማችን ሼክ በዚህ ወር እንዲህ ናት። ከኋላ ያሉት ልጆች ጭንቅላታቸው ብቻ ነው የሚታየው።

ሮብሌን ከቀበርን ሦስት ሳምንት ሆነ። ርእሰ መምህሩ እረፍት ጨምር ብሎኝ ነበር። ቤት ተቀምጬ የእናቴን ዝምታ ከማዳምጥ የዓለም ታሪክ ማስተማር ይሻለኛል። የመጨረሻ ዓመት ልጆቼ ፈተና ደርሶባቸዋል፤ አንደኛውን የዓለም ጦርነት ገና አልነካንም።

ስም ጠራሁ። «አለሁ መዓሊም፣ አለሁ መዓሊም» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። የለቅሶ ቤት አስመሰሉብኝ።

እስቲ በግልጽ ልጻፈው፣ አፌ እምቢ ስላለኝ። ታናሽ ወንድሜን ሮብሌን የገደለው ቢሌ ዱዓሌ ነው። የውሃ ጉድጓድ ላይ ተራ ሲጠብቁ ተጣሉ፣ ቢሌ ጩቤ መዘዘ። አሁን ቡርኦ እስር ቤት ነው። አባታችን በሕይወት ስለሌለ ቃሉ የእኔ ነው። ይሙት ካልኩ ይሞታል። በግመል የሚቆጠረውን የደም ካሳ እንቀበላለን ካልኩ ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ። አገሩ ሁሉ አፌን ያያል።

የቢሌ እህት ሳጋል ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ መስኮቱ አጠገብ ትቀመጣለች። ጎበዝ ልጅ ናት። ይኼ ምንም አያመጣም። ክፍል ክፍል ነው።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 9

ሩጫ። ጠመኔ አልቋል። ሁለት ክፍል ደርቤ አስተማርኩ። የአጎቴ ልጅ ዋርሳሜ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። «አንተ ለፈረንጅ ሙታን አፍህን ትከፍታለህ፣ ለራስህ ሰው ሲሆን ይዘጋብሃል!» አለኝ። ጥዬው አለፍኩ። ሮብሌ ቢኖር አንድ ቃል ብሎ ያስቀው ነበር።

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 10

ሳራዬቮ ደረስን። የኦስትሪያው አልጋ ወራሽና ሚስቱ መኪና ላይ ናቸው። አንድ የሰርብ ወጣት፣ አንድ ሽጉጥ፣ አለቀ። ይህን ስናገር ድምፄ ደህና ነበር፤ ደህና የነበረ ይመስለኛል።

ሺርዶን እጁን አወጣ። እሱ እጁን ካወጣ ክፍሉ በሙሉ ለሳቅ ይሰናዳል።

«መዓሊም፣ ገዳዩ ተይዟል አይደል?»

«ተይዟል።»

«ወገኖቹስ ይታወቃሉ?»

«ይታወቃሉ።»

«ታዲያ ምን ነካቸው? ሽማግሌ የላቸውም? በዚያ አገር የሚቀመጡበት አንድ ዛፍ ጠፋ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ከጭጋጉ ውስጥ ሆኖ «ለመሆኑ አልጋ ወራሽ ስንት ግመል ነው?» አለ። «ሰው ሰው ነው፣ መቶ ነው።» «ኧረ ባክህ! ንጉሥ ሊሆን የነበረ ሰውዬ በመቶ?» «ሚስቱስ?» «ሴት ሃምሳ ናት።» ይህን ጊዜ ፈርሕያ ከመቀመጫዋ ተነሳች። ፈርሕያ ቁጭ ብላ መከራከር አትችልበትም።

«ለምን ሃምሳ? ጥይቱ ግማሹ ነው የገባባት?»

ሰሌዳው ላይ «የጦርነቱ መንስኤዎች» ብዬ የጻፍኩትን በእጄ አጠፋሁና «ሽማግሌ ቢቀመጥ ኖሮ?» ብዬ ጻፍኩ። ለምን እንዳደረግኩት አላውቅም። ይህን ምዕራፍ ስንጨርስ ግቢው ውስጥ ካለው ግራር ሥር ተቀምጠን የአልጋ ወራሹን ደም እንዳኛለን ተባባልን። የትምህርት ዕቅዱ ላይ የለም። ልጆቹ ጮቤ ረገጡ።

ሳጋል አልሳቀችም። እሷን ብዬ አይደለም ያየሁት፣ መስኮቱን ሳይ ነው።

አርብ፣ ጃንዋሪ 12

ከጸሎት በኋላ አዴር ኩልሚዬ መጣ። የአባቴ ወንድም ነው፣ የጎሳችን ሽማግሌም እሱ ነው። ሻዩን እስኪጨርስ ስለ ዝናብ ብቻ አወራ። ከዚያ ብርጭቆውን ገልብጦ አስቀመጠው።

«ሊባን፣ ያ ልጅ እስር ቤት ቁጭ ብሎ አፍህን ያያል።»

«ይይ።»

«እሱስ ይይ። የኛ ጎረምሶችም ያያሉ እኮ! ዝምታህን እንደ ፈቃድ ቆጥረው ነገ ከእነሱ አንዱን መንገድ ላይ ቢደፉት ማን ያቆመዋል? አንተ በጠመኔህ?»

«አስቤ እነግርሃለሁ፣ አዴር።»

«አስብ። አንተ ስታስብ እኔ እንቅልፍ አጣሁ።»

ሲወጣ የሮብሌን ነጠላ ጫማ ሊረግጥ ነበር። እስከ ዛሬ በሩ ሥር እንደተቀመጠ ነው። «ላንሳው?» አልኳት እናቴን። «ተወው። ባለቤቱ ያነሳዋል» አለችኝ። ከቀብሩ ወዲህ ይህን ያህል ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 16

ከሰዓት ክፍሉ ሲለቀቅ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ አሸለብኩ። ሮብሌ ቪየና ውስጥ ግመሎች እየነዳ ሲሄድ አየሁት። ሰፊ ጎዳና ነው፣ በድንጋይ የተነጠፈ፣ ግን ግመሎቹ ሲራመዱ ኮቴያቸው አይሰማም። የኦስትሪያው ሽማግሌ ንጉሥ ከሰገነት ላይ ሆኖ «የማን ከብት ነው?» ብሎ ጮኸ። «የወንድሜ ነው» አለ ሮብሌ፣ «አስተማሪ ነው። ውሰድ ብለው እምቢ ብሎ ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረና «ውሃ በየት በኩል ነው?» አለኝ፣ ልክ እንደ ልጅነቱ፣ ፀጉሩ ውስጥ አቧራ እንዳለ። አላውቅም አልኩት። ያን ሁሉ ዓመት አስተምሬ ቪየና ወንዝ እንዳላት ጠፋኝ! ተጠምቶ አለፈ።

ስነቃ ጭጋጉ ክፍሉን ሞልቶታል። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ሰው የተቀመጠ መስሎኝ ደነገጥኩ። የተረሳ ሻርፕ ነው።

እሑድ፣ ጃንዋሪ 21

ወረቀት አረምኩ። ጥያቄው «ኦስትሪያ የሰርቢያን መልስ ለምን አልተቀበለችም?» የሚል ነበር። ሳጋል «ምናልባት ለመቀበል ሳይሆን ለመቆጣት ስለጠየቀች» ብላ ጀመረች። ከሃያ አሥራ አንድ ሰጠኋት። ረዘመ፣ ለዚያ ነው። ሺርዶን አሥራ ሦስት አገኘ፤ እሱ ሰርቢያን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይቤሪያ ብሎ ነው የጻፈው።

ከመምህራን ክፍል ስወጣ ከግድግዳው ጀርባ የፈርሕያን ድምፅ ሰማሁ።

«ስሟን ከዘለለው ሁለት ሳምንት አለፈው እኮ። አለችም የለችም አይልም።»

«ተይው፣ ሐዘን ላይ ነው» አላት ሌላው።

«እሷስ ሠርግ ላይ ናት?»

ስለ ማን እንደሚያወሩ አልገባኝም። የስም መጥሪያው ደብተር ጭጋግ ነክቶት አንዳንዱ መስመር አይነበብም። አዲስ ይሰጠኝ ብዬ መጠየቅ አለብኝ።

አርብ፣ ጃንዋሪ 26

አዴር ኩልሚዬ ከዋርሳሜ ጋር መጣ። ዋርሳሜ ፀጉሩን ዘይት ተቀብቷል፣ አዲስ ሽርጥ አገልድሟል። ገና ሳይቀመጡ ገባኝ አንድ ነገር እንዳለ።

«የዱዓሌ ሰዎች ላኩብን» አለ አዴር። «ካሳውን ሙሉውን እንከፍላለን ብለዋል። በዚያ ላይ ቂሙ እንዲነቀል አንዲት ልጅ ይሰጡናል፣ እንደ ጥንቱ። ለዋርሳሜ።»

«ትናንት ደም ደም ስትል አልነበር?» አልኩት ዋርሳሜን።

«ሰላም ጠላህ እንዴ?» አለ እየሳቀ። «ቆንጆ ናት ይላሉ ደግሞ።»

አዴር በዓይኑ ገሠጸው። «ነገሩ ቀልድ አይደለም። የእነሱ ልጅ የኛን ልጅ ስትወልድ ጩቤ የሚያነሳ ማን ነው? የልጁን አጎት ሊወጋ? ደግሞ አስብ ሊባን፣ ማንም አይሞትም።»

እውነቱን ነው፣ ማንም አይሞትም። ቢሌ አይሞትም፣ ጎረምሶቻችንም ያርፋሉ፣ ክፍሉም ይቀለኛል። ይቺን የመጨረሻዋን ለምን እንደጻፍኳት እንጃ። የፈተና ሰሞን ስለሆነ ይሆናል።

ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ዛፉ ሥር ቃሌን እሰጣለሁ አልኩ። የማን ልጅ እንደሆነች አልጠየቅኩም። እናቴ ወጥ ቤት ስታንኳኳው የነበረው ዕቃ ድንገት ዝም ብሎ እስኪሄዱ ድረስ ዝም እንዳለ ቀረ።

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 29

ሁለተኛው ረድፍ ባዶ ነው። ፈርሕያ ማንም ሳይጠይቃት ተነስታ «ሳጋልን ልብስ ሊለኩላት ወስደዋት ነው» አለች።

«አልጠየቅኩሽም።»

«አውቃለሁ መዓሊም። አይጠይቁም።»

መቆጣት ነበረብኝ። ዞር ብዬ የነገሥታቱን የዘር ሐረግ ሰሌዳው ላይ መሳል ጀመርኩ፤ ማን የማን ልጅ፣ ማን ለማን እንደተዳረች። መስመሩ ተጠላልፎ የዓሣ መረብ መሰለ። «ይኼ ሁሉ ዘመዳሞች ናቸው?» አለ ሺርዶን። «ስንት ሠርግ ነው የተበላው በአላህ!» ደወል ሲደወል ሳላጠፋው ወጣሁ።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 30

ጠዋት ስገባ ሳጋል ብቻዋን ሰሌዳው ሥር ቆማ ሐረጉን ትገለብጣለች። እጇ ላይ እስከ ክንዷ ድረስ ሂና አለ፣ ገና ያልደረቀ። ጠመኔውን አንስቼ ተመልሼ ወጣሁ። ሂናው ሸተተኝ። ቀኑን ሙሉ ጣቶቼ ላይ ያለ እየመሰለኝ አሸተትኳቸው።

ሰኞ፣ ፌብሯሪ 5

እንደ ሆነው ልጻፈው።

ግራሩ ሥር ተቀመጥን። ጭጋጉ ሕንፃውን ስለሸፈነው ትምህርት ቤት መሆኑ ቀርቶ ሜዳ ላይ ያለን መሰለን። ሺርዶን የወንድ አያቱን በትር ይዞ መጥቷል፤ በትሩን የያዘ ይናገራል። እሱ ጀርመን ሆነ፣ ፈርሕያ ሩሲያ። «ሴት ሽማግሌ አይታችሁ ታውቃላችሁ?» ብሎ አንዱ ሲያሾፍ «እቴጌዎቻቸው አገር ገዝተዋል፣ አንተ ቤትህንም አትገዛም» አለችው። ሳቅ ሆነ።

«ገዳይ ወገን ማን ይሁን?» አለ ሺርዶን፣ ካለ በኋላ ነው የደነገጠው።

«እኔ እሆናለሁ» አለች ሳጋል።

የሟች ወገን ሲባል ደግሞ ሁሉም መሬት መሬቱን አየ። «በቃ ኦስትሪያን እኔ እይዛለሁ» አልኩ። ሰው ስለጎደለ ነው።

በትሩን ተቀበለች። ሂናው ደርቆ ጠቁሯል።

«ሰላም ለተቀመጣችሁ» አለች፣ ልክ እንደ ትልልቅ ሰዎች። «እኛ ነን የገደልነው። ልጃችን ነው፣ አንክደውም። ሟቹ ለእናንተ ምን እንደነበረ እናውቃለን ብዬ አልዋሽም። ለቅሶ ልንደርስ አፍረን ከሩቅ ነው ያለቀስነው። እናቴ ከሩቅ ነው ያለቀሰችው።»

ሰርቢያ እናት የላትም ያለ የለም።

«ካሳ በሉን፣ እንከፍላለን። ዘመድ ለዘመድ ዞረን እንከፍላለን። ሴት ልጅ ግን አንሰጥም።»

«ማን ሴት ጠየቀሽ?» አለች ፈርሕያ ቀስ ብላ። «ኦስትሪያ አልጠየቀችም እኮ።»

«አልጠየቀችም?»

እያየችኝ ነው። አንድ ወር ሙሉ ዓይኗን አይቼ እንደማላውቅ ያኔ ታወቀኝ።

«ያንን ሐረግ ገልብጬዋለሁ» አለች። «የእንግሊዙ ንጉሥና የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት የወንድምና የእህት ልጆች ናቸው። የሩሲያው ንጉሥ ሚስትም እንደነሱ የአሮጊቷ የእንግሊዝ ንግሥት የልጅ ልጅ ናት። ሲሰጡና ሲቀበሉ ነው የኖሩት። ከነዚያ ሁሉ ሙሽሮች ጦርነቱን ያስቀረች አንዲት አለች? አንዲት ካለች ስሟን ይንገሩኝ መዓሊም፣ እኔ እሄዳለሁ።»

እኔ ነው ያለችው። በትሩን ዘረጋችልኝ፣ ተቀበልኳት። መመለስ የእኔ ተራ ነበር።

«ይኼ ፈተና ላይ አይመጣም» አልኩ። «ወደ ክፍል ግቡና መጽሐፋችሁን ክፈቱ።»

አቤት ውርደት! ኦስትሪያ እንኳ መልስ ሰጥታለች።

ረቡዕ፣ ፌብሯሪ 7

እናቴ የሮብሌን ጫማ ጭኗ ላይ አድርጋ ቆዳውን በዘይት ታሻለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሳታየኝ ጀመረች።

«ልጅቷ ተማሪህ ናት አሉ።»

«ናት።»

«ትምህርት ይገባታል?»

«ከሁሉም በላይ።»

ሌላውን ጫማ አነሳች። «አንተ የዓለሙን ንጉሥ ሁሉ ጋብቻ ታውቃለህ። እኔ እንዴት ወደዚህ ቤት እንደመጣሁ ጠይቀህ ታውቃለህ?»

አልጠየቅኩም። በዕድሜዬ ሙሉ አንድ ቀን አልጠየቅኩም። እናት ቤት ውስጥ ያለች ናት፣ ከየት መጣች ይባላል?

«የኛ ሰው የአባትህን አጎት ገደለ። ግመሉ ጎደለ፣ በእኔ ሞሉት። አባትህ፣ አላህ ይማረው፣ ደግ ሰው ነበር፣ ክፉ አልተናገረኝም። አያትህ ግን እስክትሞት ድረስ ስሜን አልጠራችም። «አንቺ» ነበርኩ። አንተን ስወልድም አንቺ፣ ሮብሌን በዚያ ዝናብ ስወልድም አንቺ። ቂሙ የት ሄደ መሰለህ? እኔ ላይ ተተክሎ ቀረ።»

«ቢሌስ?» አልኳት።

«እሱ ሲሞት ሮብሌ የሚመጣልኝ ከሆነ ዛሬውኑ ይሙት። አይመጣልኝም።» ጫማዎቹን አጣምራ ወደ ውስጥ ይዛቸው ገባች።

ብቻዬን ስቀር ቦርሳዬን ከፍቼ የስም መጥሪያውን ደብተር አወጣሁ። እርጥበት የሚባል አልነካውም። ጥርት ብሎ ይነበባል፦ ሳጋል ዱዓሌ። ፊት ለፊቷ ያለው መስመር ከጃንዋሪ ጀምሮ ባዶ ነው። አለቀስኩ። ለሮብሌ ነው ብዬ ነበር የጀመርኩት፤ መሐል ላይ ለማን እንደሆነ ጠፋኝ።

አርብ፣ ፌብሯሪ 9

ትልቁ ዛፍ ሥር፣ ከከተማው ውጭ። የእነሱ ሰዎች በዚያ፣ የኛ በዚህ። የሳጋል አባት ዱዓሌ እንዳሰብኩት ግዙፍ ሰው አይደለም፤ ቀጭን፣ የሚያስለው ሽማግሌ ነው። አዴር በትሩን ሰጠኝ።

«ካሳውን ተቀብለናል» አልኩ። «ልጁ ይኑር። ሴት ልጅ አንቀበልም። በእሷ ፋንታም የሚጨመር የለም።»

ጉርምርምታ ሆነ። ዋርሳሜ ተነስቶ ሽርጡን አራገፈና «አስተማሪ!» አለኝ፣ ልክ እንደ ስድብ። ጥሎን ሄደ።

«ሊባን» አለ አዴር፣ «ታዲያ ቂሙን በምን ልንነቅለው ነው?»

«ቂሙ የእኔ ነው፣ አዴር። እኔ ነኝ የምነቅለው። ሰው ላይ አልተክለውም።» ልቀመጥ ስል ትዝ አለኝ። «ይህ የእናቴም ቃል ነው። እናቴ አምበሮ ትባላለች።»

ጎንበስ ያሉ ነበሩ። አንዳንዶቹ ስሟን ያን ጊዜ የሰሙት ይመስለኛል። አዴር ጢሙን አሻሸ። ከዚያ መዳፉን ከፈተ፣ ፋቲሓ ተቀራ። ዱዓሌ በነጠላው ፊቱን ሸፍኖ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ይቅር አልኩ ብዬ አልጽፍም። ቢሌ ነገ መንገድ ላይ ቢያጋጥመኝ ምን እንደማደርግ አላውቅም። ሮብሌ ናፍቆኛል። በጣም ናፍቆኛል።

ቅዳሜ፣ ፌብሯሪ 10

ጭጋጉ ከጠዋቱ ተገፍፏል፣ እስከ ባሕሩ ድረስ ይታያል። ደብተሩን ከፍቼ ስም መጥራት ጀመርኩ። እሷ መስመር ላይ ስደርስ ጣቴን ከስሟ ሥር አሳረፍኩ።

«ሳጋል ዱዓሌ።»

ቀና ብዬ አየኋት። ሂናው እጇ ላይ መደብዘዝ ጀምሯል።

«አለሁ፣ መዓሊም።»

ምልክቱን አደረግኩ። የዘለልኳቸውን ቀናትም ወደ ኋላ ተመልሼ አንድ በአንድ ሞላኋቸው፣ ሁሉም እያዩኝ። ወረቀቷንም ይዤላት መጥቻለሁ፤ አሥራ አንዱን ሰርዤ አሥራ ዘጠኝ ጽፌበታለሁ። ከዚያ ሺርዶን እጁን አወጣ።

«መዓሊም፣ ያ ነገር ሳያልቅ ቀረ እኮ። ኦስትሪያ ምን ብላ መለሰች?»

«ተቀበለች» አልኩ። «ካሳውን ተቀበለች፣ ሴት ልጅ አልወስድም አለች፣ ሁሉም ወደየቤቱ ገባ።»

«ጦርነቱስ?»

«ቀረ።»

ከዚያ ፈተና ላይ እንዲህ ብላችሁ እንዳትጽፉ፣ ዜሮ ነው የሚሰጧችሁ አልኳቸው። ሳጋል ግን ጎንበስ ብላ ስትጽፍ አየኋት።